ጠላው እየፈላ ጠጁ ለምን ቆመ? እርሾ፣ ስብና ጂን፦ የአንባቢዎች ጥያቄ

ባለፈው እትም እርሾ ስኳር ብቻ ሳይሆን ስብም ይበላል፣ ስቡን ሚቆራርጠው ደሞ ፐሮክሲሶም ሚባል ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው ብለን በሁለት መስመር ጽፈን አልፈን ነበር፤ ያቺ ሁለት መስመር ናት ይሄን ሁሉ ጥያቄ ያመጣችብን። አብዛኛው የመጣው ከጎንደርና ከዙሪያዋ ነው፣ ተመሳሳዩን እያጣመርን ዛሬ ገጹን በሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ቴዎድሮስ ግቢ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ክላስ ላይ ፋቲ አሲድ (ስብ የተሰራበት ረጅም የካርበን ሰንሰለት) ሚቃጠለው ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኤነርጂ ማመንጫ) ውስጥ ነው ተብለን ነው የተማርነው፣ ፈተና ላይም እንደዛ ነው ምንመልሰው። እናንተ ደሞ ፐሮክሲሶም አላችሁ። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱንም እመን፣ ፈተና ላይ ግን ጥያቄው ስለ ማን እንደሆነ አይተህ መልስ። ክላስ ላይ የተማራችሁት የሰውና የእንስሳውን ነው፣ እኛ ጋ አብዛኛው ፋቲ አሲድ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይቆራረጣል፣ በጣም ረጃጅሞቹ ብቻ ቀድመው ፐሮክሲሶም ገብተው ያጥራሉ። የዳቦና የጠላ እርሾ ላይ ግን፣ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ሚሉት ማለት ነው፣ ማይቶኮንድሪያው ይሄን ስራ ጭራሽ አይሰራም፣ ቤታ ኦክሲዴሽን ሚባለው ፋቲ አሲዱን ከጫፉ እየቆረጡ ማቃጠል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፐሮክሲሶም ውስጥ ነው ሚያልቀው።

አንድ ኦሊክ አሲድ ሚባል ፋቲ አሲድ ይዘን እንከተለው፣ 18 ካርበንና መሀሉ ላይ አንድ ድርብ ቦንድ (ሁለት ካርበኖች በእጥፍ ሚያያዙበት ቦታ) ያለው። ሴሉ ውስጥ ሲገባ ኤፍኤኤ1 ወይ ኤፍኤኤ4 ሚባሉ ጂኖች የሚሰሯቸው ኢንዛይሞች ኮኤንዛይም ኤ ሚባል እንደ እጀታ ሚሆን ሞለኪውል ይለጥፉበታል፣ ያለዚያ ማንም አይነካውም። ከዛ ፒኤክስኤ1 እና ፒኤክስኤ2 ሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ተጣምረው የሰሩት በር አለ፣ በሱ ፐሮክሲሶም ውስጥ ይገባል። ውስጥ ሶስት ሰራተኛ ነው ሚጠብቀው፣ ፖክስ1 የመጀመሪያውን ኦክሲዴሽን ይሰራል፣ ፎክስ2 ቀጣዮቹን ሁለት እርምጃዎች ብቻውን ይሰራል፣ ፖት1 ደሞ ጫፉን ቆርጦ ሁለት ካርበን ያለው አሴታይል ኮኤ ይጥላል፤ የቀረው 16 ካርበን ተመልሶ ፖክስ1 ጋ ይሄዳል፣ ከዛ 14፣ ከዛ 12 እያለ። 18ቱ ካርበን እስኪያልቅ ስምንት ጊዜ ይቆረጣል፣ ዘጠኝ አሴታይል ኮኤ ይወጣል። መሀል ላይ ያቺ ድርብ ቦንድ ስትደርስ ቦታዋ ለፎክስ2 ስለማይመች ኢሲአይ1 ሚባል ሌላ ኢንዛይም ገብቶ ያንቀሳቅሳታል።

አሁን ልዩነቱን ልብ በል። የኛ ማይቶኮንድሪያ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ያገኘውን ኤሌክትሮን ወደ ኤቲፒ (የሴሉ ነዳጅ) መስሪያው መስመር ነው ሚልከው፣ ፖክስ1 ግን በቀጥታ ለኦክስጅን ነው ሚሰጠው፣ ከዛ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወጣል፣ ያው ቁስል ላይ ሚደረገው ማለት ነው። ኤነርጂው እዚህ ጋ እንደ ሙቀት ይባክናል፣ መርዙም ሴሉን እንዳይጎዳ ሲቲኤ1 ሚባለው ጂን ካታሌዝ ሰርቶ እዛው ፐሮክሲሶም ውስጥ ያከሽፈዋል። ለምን በተዘጋ ከረጢት ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ እኔ በበኩሌ ይሄ አንዱ ጥሩ ምክንያት ይመስለኛል። አሴታይል ኮኤው ግን በመጨረሻ ካርኒቲን በሚባል ተሸካሚ ተይዞ ወይ በሌላ መንገድ ተቀይሮ ወጥቶ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ነው ሚቃጠለው፣ ስለዚ አስተማሪህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም።

ደሞ አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እነዚህ ጂኖች ሁሌ አይሰሩም። ግሉኮስ ካለ በቃ ዝግ ናቸው፣ ፐሮክሲሶሞቹም ጥቂትና ደቃቃ ናቸው። ሰርግ ቤት ጥሬ ሥጋ እያለ ማን ሽሮ ይሰራል። ግሉኮሱ ሲያልቅ ስኒፍ1 ሚባል ኪናዝ (ሌሎች ፕሮቲኖችን ሚቀሰቅስ ኢንዛይም) ይነቃል፣ ኤዲአር1 ሚባለውን ጂን ከፋች ፕሮቲን ያስነሳል፣ እገዳው ይነሳል። ይሄ ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ በደንብ እንዲከፈቱ ኦሊክ አሲዱ ራሱ መኖር አለበት፣ ምክንያቱም ኦአፍ1 ሚባለው ፕሮቲን ኦሊክ አሲዱን ይይዝና ከፒፕ2 ጋር ተጣምሮ ጂኖቹ ፊት ያለው የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ይቀመጣል። ያኔ ነው ፐሮክሲሶሙ ሚያብጠውም ሚበዛውም። ፒፕ2 ራሱ በኦአፍ1 ነው ሚጨምረው፣ ማለትም አንዴ ከተነሳ ራሱን እያጋጋለ ይሄዳል። እና "የስብ ጂን" እያሉ በነጠላ ሚያወሩትን ስትሰማ ፈገግ በልና እለፍ፣ ለአንድ ኦሊክ አሲድ ብቻ ስንቱን እንደጠራን ቁጠር።

ጥያቄ፦ አዘዞ ነው ምኖረው፣ ጠላና ጠጅ እየሸጥኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ጠላው አስቸግሮኝ አያቅም፣ ጋኑን መርጌው እንኳን ይፈላል። ጠጁን ግን ውሃው ንጹህ ይሁንልኝ ብዬ አፍልቼ፣ ሲቀዘቅዝ ማሩን በርዤ፣ ደረቅ እርሾ ጨምሬ፣ ገንቦውን እስከ አፉ ሞልቼ ግጥም አድርጌ ከደንኩት። ጥቂት ቀን ተንጫጫና ቆመ፣ እንደጣፈጠ ቀረ። ጎረቤቴ ቡዳ በልቶብሽ ነው ትላለች። ስለ እርሾና ስብ ስለጻፋችሁ ይገናኝ ይሆን ብላ ልጄ ናት ይሄን ያጻፈችኝ።

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ በደንብ ይገናኛል። ቡዳውን እንተወውና አየሩን እንይ።

እርሾ ስብ ሚፈልገው ለመብላት ብቻ አይደለም፣ የሴሉ ሽፋን ራሱ ከስብ ነው የተሰራው። ሽፋኑ ደሞ እንደ ልቡ መተጣጠፍ አለበት። ጎንደር ሐምሌ ላይ ጠዋት ሲነሱ ቅቤው ደርቆ ኑግ ዘይቱ ግን ፈሳሽ እንደሆነ ነው አይደል? ልዩነቱ ቅቤው ውስጥ ያለው ፋቲ አሲድ አብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ተጠጋግቶ ይደረደራል፣ የዘይቱ ግን ድርብ ቦንድ ያለበት ጋ ጎበጥ ስለሚል አይደረደርም። እርሾም ሽፋኑ ውስጥ ጎበጥ ያለውን ይፈልጋል፣ ካጣ ሽፋኑ ይደርቅበታል፣ መባዛት ያቆማል፣ አልኮሉንም መቋቋም ያቅተዋል።

ቀጥ ያለውን ፋቲ አሲድ እርሾ ከስኳሩ ራሱ ይሰራል፣ ኤሲሲ1፣ ፋስ1 እና ፋስ2 ሚባሉት ጂኖች ናቸው ስራቸው እሱ፣ አየርም አይጠይቁም። ያንን ማጉበጥ ሚችለው ግን በዚህ እርሾ ውስጥ አንድ ጂን ብቻ ነው፣ ኦሌ1 ይባላል፣ እሱ ሚሰራው ኢንዛይም ደሞ ያለ ኦክስጅን ምንም አያደርግም። ተተኪ የለውም። አንድሪያሰንና ስቲየር ሚባሉ ተመራማሪዎች በ1953 እና በ1954 (እንደ ፈረንጅ) ያወጡት ስራ ይሄን ነው ያሳየው፣ እርሾ ጭራሽ አየር በሌለበት እንዲያድግ ከተፈለገ ሁለት ነገር ተዘጋጅቶ ሊሰጠው ይገባል፣ አንዱ ኤርጎስቴሮል ሚባለው ሌላ የሽፋን ስብ ነው ሌላው ይሄ ጎበጥ ያለው ፋቲ አሲድ። ኤርጎስቴሮሉም ሲሰራ ኦክስጅን ስለሚበላ ነው።

እሺ ወደ ገንቦዎ። ደረቁ እርሾ ፋብሪካ ውስጥ ሲያድግ አየር እየተነፋበት ነው ሚያድገው፣ ስለዚ ሲመጣ ስንቁን ይዞ ነው ሚመጣው። ግን አንዱ ሴል ሁለት ሲሆን ስንቁ ለሁለት ይካፈላል፣ አራት ሲሆን ለአራት፣ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 32 ሲሆን እያንዳንዱ ሚደርሰው ከ32 አንድ እጅ ነው። እርስዎ ደሞ ውሃውን አፈሉት፣ ሲፈላ በውስጡ የነበረው አየር ወጣ፤ ቀዝቅዞ አየር መልሶ ሳይዝ በረዙት፣ ገንቦውን እስከ አፉ ሞልተው አየር ሚቆምበት ቦታ አሳጡት፣ ከደኑት። ጎንደር ደሞ ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻ ሀገር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። እርሾው ጥቂት ቀን በስንቁ ተንጫጫ፣ ከዛ አለቀበት። ሚገርመው አየር ሲያጥር ሴሉ ኦሌ1ን ይበልጥ ነው ሚከፍተው፣ ኤምጂኤ2 ሚባል ፕሮቲን ሽፋኑ መጠጠሩን እያየ ጂኑን ይቀሰቅሳል፣ ኢንዛይሙ ይበዛል፣ ግን ኦክስጅን ከሌለ ቢበዛ ምን ዋጋ አለው።

ታዲያ ጠላው ተመርጎም ለምን ይፈላል ካሉ፣ እህሉ ነዋ! ገብሱ፣ ብቅሉ፣ እንኩሮው ሁሉ በተፈጥሮው ዘይት አለው፣ በብዛት ሊኖሊክ አሲድ ሚባለው ጎበጥ ያለ አይነት። ድፍድፉ አብሮ ስለሚቆይ እርሾው ከሱ እየወሰደ ሽፋኑን ይሰራል። ተዘጋጅቶ ሲመጣለት እንደውም ኦሌ1ን ይዘጋዋል፣ ራሱ መስራቱን ይተዋል። የቢራ ጠማቂዎችም ያቁታል ይሄን፣ ድፍርስ ያለ ጭማቂ ከጠራው ያነሰ አየር ነው ሚፈልገው። ማር ግን ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ጌሾውም ይሄን ክፍተት ሞልቶ አይሞላም። ማር በዛ ላይ ናይትሮጅንም ስለሚያንሰው እርሾው በሁለት በኩል ነው ሚራበው፣ ስለዚ ሁሉንም በአየሩ አላላክክም፣ ግን እርስዎ የነገሩን አሰራር ላይ መጀመሪያ ምጠረጥረው አየሩን ነው።

ሚያደርጉት ይሄ ነው፦ ብርዙ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ሳይጨምሩ ከአንዱ እቃ ወደ ሌላው ከፍ አድርገው እያንቆረቆሩ ደጋግመው ይገልብጡት፣ አረፋ እስኪይዝ። ገንቦውን ጎደል ያድርጉት። የመጀመሪያውን አንድ ቀን ግጥም አድርገው አይክደኑት፣ ንጹህ ጨርቅ ይበቃዋል። ደህና መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን በቃ፣ ከዛ በኋላ አየር ካስገቡበት ኮምጣጤ ሚያደርገው ባክቴሪያ ነው ሚደሰተው። አየር ሲበዛም ጉዳት አለው፣ የሙዝ ሙዝ ሚለውን ሽታ ሚሰራው ኤቲኤፍ1 ሚባለው ጂን ኦክስጅንና ይሄው ጎበጥ ያለው ፋቲ አሲድ ሲበዙ ይዳከማል፣ ጠጁ ይፈላል ግን መዓዛው ይቀንሳል። የቆመውን ጠጅ በተመለከተ፣ አሁን አየር ከማስገባት ይልቅ ከሌላ በደንብ ከሚፈላ ጠጅ ወፈር ያለ አተላውን ቢጨምሩበት ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ጂን በአይን አይታይ፣ ፖክስ1 ይሄን ይሰራል ኦሌ1 ያንን ይሰራል ምትሉት በምን ታውቆ ነው? የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከፒያሳ።

መልስ፦ በማበላሸት ነው የኔ እህት። ጂኑን ያበላሹታል፣ ከዛ እርሾው ምን እንዳቃተው ያያሉ። ለዚህ እርሾ ሚመረጥበት ምክንያት በነጠላ የክሮሞሶም ስብስብ፣ በ16 ብቻ ማለት ነው፣ መኖር ስለሚችል ነው፤ እኛ አንዱ ጂን ቢበላሽ ሌላው ኮፒ ይሸፍናል፣ እሱ ላይ ሚሸፍን የለም፣ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል።

አሰራሩን ልንገርሽ። እርሾውን በኬሚካል ወይ በአልትራቫዮሌት ይመቱትና ግሉኮስ ያለበት ሰሃን ላይ ይዘሩታል፣ እያንዳንዱ ሴል ተባዝቶ ነጥብ ነጥብ ሚያህል ኮሎኒ ይሆናል። ከዛ በተወጠረ ቬልቬት ጨርቅ ሰሃኑን ተጭነው ኮሎኒዎቹን እንደ ማህተም ሌላ ሰሃን ላይ ያትሟቸዋል፣ ሁለተኛው ሰሃን ላይ ምግብ ሚሆን ነገር ኦሊክ አሲድ ብቻ ነው። ዘይትና ውሃ ስለማይቀላቀል ትዊን ሚባል እንደ ሳሙና ሚያቀላቅል ነገር ይጨመርበታል፣ ሰሃኑ ደመና ደመና ይላል፣ እና ዘይቱን መብላት የቻለ ኮሎኒ ዙሪያውን እየጠራ ቀለበት ይሰራል። ግሉኮስ ላይ ደህና ሆኖ ዘይት ላይ ያልበቀለውን፣ ቀለበትም የሌለውን፣ ተጠርጣሪ ብለው ይይዙታል። ግን ወዲያው አይፈርዱበትም! ማይቶኮንድሪያው የተበላሸ እርሾም ዘይት ላይ አይበቅልም፣ ስለዚ መጀመሪያ ግሊሰሮል ላይ ይሞክሩታል፣ እዛም ካልበቀለ ጉዳዩ የመተንፈስ ነው፣ ከስብ ጋ አይገናኝም። ይሄን ማጣሪያ የዘለለ ሰው ብዙ ጊዜውን በከንቱ ነው ሚያጠፋው።

በዚህ መንገድ ነው እነ ራልፍ ኤርድማንና ቮልፍ ኩናው ጀርመን ውስጥ በ1989 ጭራሽ ፐሮክሲሶም ሚባል ነገር ማይታይባቸውን ሚውታንቶች (ጂናቸው የተበላሸ እርሾዎች) ያወጡት፣ ኢንዛይሞቹ ተሰርተዋል ግን ቤት አጥተው ሴሉ ውስጥ ተበትነው ነው የተገኙት። የቱ ጂን እንደሆነ ለማወቅ ደሞ ከጤነኛ እርሾ የዲኤንኤ ቁራጮችን እየከተቱ የቱ ቁራጭ እንደሚያድነው ያያሉ። በ1996 ወደ 6000 ጂን ያለው የእርሾው ሙሉ ጂኖም ተነቦ ካለቀ በኋላ ስራው ቀለለ፣ አሁን ጂኖቹ አንድ በአንድ የተነቀሉባቸው እርሾዎች ስብስብ አለ፣ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ግን ሲነቀል እርሾው ስለሚሞት እንደዛ ማድረግ አይቻልም።

ኦሌ1 ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ እኔ በጣም ምወደው እሱን ነው። ኦሌ1 የተበላሸበት እርሾ ተራው ሰሃን ላይ ነው ማይበቅለው፣ ኦሊክ አሲድ ጠብ ሲደረግለት ይነሳል። ፖክስ1 የተበላሸበት ኦሊክ አሲድ ብቻ ቢሰጡት በረሃብ ይቆማል። አንዱ ለሽፋኑ ነው ሚፈልገው፣ ሌላው ለምግብ ነው ማይጠቅመው፣ ዘይቱ አንድ ነው። በ1990 ደሞ ኦሌ1 የሌለው እርሾ ውስጥ የአይጥ ጉበት ጂን ከተቱበትና ያለ ምንም ዘይት በቀለ፣ የአይጧ ኢንዛይም የእርሾውን ስራ ሰራ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ፐሮክሲሶም ሲባል የዜልዌገር ህመም (ፐሮክሲሶማቸው በደንብ ሳይሰራ ሚወለዱ ህጻናት ላይ ሚታየው) ትዝ አለኝ። የእርሾ ምርምር ለበሽተኛ ፋይዳ አለው ወይስ ለዲግሪ ብቻ ነው?

መልስ፦ ምርመራው ላይ አለው፣ ፈውሱ ላይ ገና ነው። ፐሮክሲሶምን ሚገነቡት ጂኖች ፔክስ ተብለው በቁጥር ይጠራሉ፣ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተገኙት እርሾ ላይ ነው፣ ከዛ የሰው ዲኤንኤ ውስጥ ሚመስላቸው እየተፈለገ ነው ዜልዌገር ያለባቸው ህጻናት ላይ የትኛው እንደተበላሸ የታወቀው፣ በብዛት ሚገኘው ፔክስ1 ነው። ፔክስ5ን ብቻ እንይ፣ ብዙዎቹ የፐሮክሲሶም ኢንዛይሞች ጭራቸው ላይ ሰሪን፣ ላይሲን፣ ሉሲን ሚሉ ሶስት አሚኖ አሲዶች አሏቸው፣ ፔክስ5 እነሱን አይቶ ነው ወደ ውስጥ ሚያስገባቸው፣ ይሄ እርሾም ላይ ሰውም ላይ አንድ ነው።

ሌላው የነርቭ ሽፋንንና ኩላሊት ላይ ያለውን አድሬናል እጢ ሚጎዳው አድሬኖሉኮዲስትሮፊ ነው፣ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤቢሲዲ1 ሚባል ጂን ሲበላሽ ሚመጣው፣ ወንድ ልጆች አንድ ኤክስ ብቻ ስላላቸው እነሱ ላይ ነው ሚከፋው፣ ጂኑ በ1993 ነው የተገኘው። ያ ጂን ሚሰራው በር ከላይ ያልነው የፒኤክስኤ1 እና የፒኤክስኤ2 ዘመድ ነው፣ ሁለቱ የጠፉበት እርሾ ውስጥ የሰውን ጂን ሲከቱ ስብ ማቃጠሉን በከፊል መልሶታል። በሩ ሲበላሽ 26 ካርበን ያላቸው ረጃጅም ፋቲ አሲዶች ደም ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ ምርመራውም እነሱን መለካት ነው። ግን እርሾ አንጎልም አድሬናልም የለውም፣ ስቡ ተጠራቅሞ የነርቭ ሽፋኑን ለምን እንደሚያበላሽ እሱን ጠይቀሽ መልስ አታገኚም።

ጥያቄ፦ ሊጥ ውስጥ ኑግ ዘይት ብጨምር እርሾው ይበላዋል? ቀበሌ 18 ዳቦ ቤት አለን።

መልስ፦ አይበላውም፣ አይዟችሁ። ዘይት ማለት ሶስት ፋቲ አሲድ ግሊሰሮል ላይ ተጣብቀው ነው፣ የዳቦ እርሾ ያንን ውጪ ላይ ሚፈታ ላይፔዝ በቁም ነገር አያወጣም። ያሮዊያ ሊፖሊቲካ ሚባለው ሌላ እርሾ ቢሆን ይፈታው ነበር። ተፈታለት ብንል እንኳን የኑግ ዘይት ከግማሽ በላይ ሊኖሊክ ስለሆነ ሁለት ድርብ ቦንድ አለው፣ ኢሲአይ1 ላይ ኤስፒኤስ19 ሚባል ሌላ ኢንዛይም ይጨመራል። ዱቄቱ ውስጥ ስኳር እያለ ደሞ እነዚህን ጂኖች ማን ይከፍታቸዋል። ዘይቱ ዳቦውን ለስላሳ ያደርጋል፣ በቃ።

ጥያቄ፦ እርሾ ስብ ያቃጥላል ካላችሁ ደረቅ እርሾ በሞቀ ውሃ በጥብጬ ብጠጣ ቦርጬን ያጠፋልኛል? ቲክቶክ ላይ አይቼ ነው።

መልስ፦ አያጠፋም። እርሾው ስቡን ሚያቃጥለው የራሱ ሴል ውስጥ ነው፣ ያንተ ቦርጭ ጋ ሚደርስበት መንገድ የለውም። ሆድህ ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፣ ስኳር ደሞ ሞልቷል፣ ከላይ ለቴዎድሮስ ግቢው ልጅ የመለስነውን አንብበው። ሚተርፍህ ሆድ መነፋት ነው።